እስከ ዛሬ ምን ሆነ?

የገልባጭ መኪና አምራቾች ፈሪዎች ናቸው። ፍርሃታቸውን ለማየት ካሶኒው ሥር ጎንበስ ማለት ይበቃል፤ ታጥፎ የተኛ የብረት ድጋፍ አለ። ካሶኒው ተነሥቶ ሥሩ ሥራ ካለ ይህን አቁሙ፣ ጃክ ብቻ አትመኑ ብለው ያኖሩት ነው። የእኛ ባለንብረቶች ግን ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቀለም እንኳ እንዳይላጥ ተጠንቅቀውለታል። ለዕቃ እንዲህ የሚሳሳ ሰው ከየት ይገኛል?

ደግሞስ ረዳት እያለ ድጋፍ ምን ያደርጋል? ግራሶ ለመቀባት ተሹለክልኮ የሚገባው እሱ ነው። ካሶኒውን ሽቅብ የያዘው ጃኩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው፤ ያረጀ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም ጋቢና ያለ ሰው ማንሻውን ቢነካ ያ ሁሉ ብረት ይወርዳል። ረዳቱ ቢያመነታ መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» ይህን ጥያቄ በትክክል መመለስ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ጋራዥ መጥተው መመስከር ግን አልቻሉም።

ዘይቱን አጣሩ፣ ጊዜው ሲደርስ ቀይሩ የሚለው መመሪያም የተጻፈው ብር ለሚያንገበግበው ሰው አይደለም። ብልህ ባለንብረት ከሞተር የወጣውን ጥቁር ዘይት ይጨምርበታል። ብናኙ ፓምፑንና የጃኩን ጎሚኒ ይፈጃል፤ ይፍጅ! መለዋወጫ ሻጭስ ልጆች የሉትም እንዴ?

ቱቦው ሲያፈስ ካላማዳሪያ ጠምጥሞ በሽቦ ማሰር ነው። ቀዳዳው ካልታየ በባዶ እጅ ይዳበሳል። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ150 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የቤት መኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ቢሆን ነው። በቀጭን ቀዳዳ የሚፈናጠር ዘይት ጓንትም ቆዳም ይበሳል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል፤ ረዳቱ በጨርቅ ጠርጎት ሥራውን ይቀጥላል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ካላየው እጁን ሊያጣ እንደሚችል የሚነግረው የለም፤ ሰውን ሥራ ማስፈታት ነውር ነዋ! የሚያፈሰውን ቦታ ካርቶን አስጠግቶ ማወቅ ይቻል ነበር። ካርቶኑ ግን የረዳቱ ፍራሽ ነው።

16 ሜትር ኩብ የሞጆ አሸዋ ደረቅ ሆኖ 25 ቶን ገደማ ይመዝናል። እሱ የሰነፍ ጭነት ነው። እኛ ስፖንዳው ላይ ሳንቃ ቀጥለን ቢያጆውን እንባርካለን። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ይከብዳል፣ ካሶኒው ሲነሣም ላይኛው ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሾፌሩ ታዲያ ወደፊት ፈትለክ ይልና ድንገት ፍሬን ይረግጣል፤ እንዲራገፍለት። መሬቱ ወደ ጎን ካዘመመ የሚራገፈው መኪናው ራሱ ነው።

ከማራገፊያው በላይ 15 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሽቦ ካለፈ ማን ቀና ብሎ ያያል? ሾፌሩ ጋቢና ነው። ረዳቱ ከኋላ መሬት ቆሞ፣ በአንድ እጁ የካሶኒውን በር ይዞ «አንሣ! አንሣ! ገና ነው!» ይላል። ኮረንቲው ወደ መሬት መውረጃ ቢፈልግ ከእሱ የቀረበ የለም።

ባለንብረቱ ግድ የለሽ ነው የሚሉ ግን ሐሜተኞች ናቸው። መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ ተገብቶለታል።