«ሰማይ ብቻ ነው የሚቀመጠው»

እንደ ኮምፒውተር የዋህ የለም፤ ያልነገሩትን አይጠረጥርም። ኢታብስ በተባለው የሕንፃ ማስሊያ ሶፍትዌር ላይ የባለ አራት ፎቅ ቤት ሞዴል ሠርታችሁ፣ ለመኖሪያው ወለል በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን ጭነት ሰጥታችሁ «አስላ» ብትሉት፣ አንድም ቀይ ሳያሳይ ጨርሶ ይጠብቃችኋል። «ከላይስ ማን ሊወጣ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ መካድ ደግሞ የባለቤቱ።

«ጋሼ፣ ከላይ ሶሌታው ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ?»

«ምን ይቀመጣል ልጄ! ሰማይ ብቻ ነው የሚቀመጠው።»

ቤቱ ባለቀ በወሩ ሰማዩ ላይ ሦስት ሜትር የብረት ማማ ቆሞ፣ ማማው ላይ 5,000 ሊትር ሮቶ ጉብ ብላለች።

«ጋሼ፣ ይቺስ?»

«እሷማ ላስቲክ ናት! አራት ልጆች በገመድ ጎትተው አይደል ያወጧት?»

ባዶዋን ነዋ! ስትሞላ ውሃው ብቻ 5 ቶን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ወደ 50 ኪሎ ኒውተን።

እርግጥ ሮቶዋን ከነማማዋ ሞዴሉ ውስጥ መሳል ግድ አይደለም። አንዳንድ የስሌት ሶፍትዌሮች ለዚህ መላ አላቸው፤ አየር ላይ አንዲት ነጥብ ትጠቁሙና «ይህ ኃይል የዚያ ወለል ነው» ትሏቸዋላችሁ። ነገሩ ውጭ አገር ያለ ታላቅ ወንድም በቤተሰብ ሠርግ ላይ እንዳለው ሥልጣን ነው። ድንኳኑ ውስጥ የለም፤ ግፊቱ ግን በስልክ ይደርሳል። በዚያ ላይ በራቀ ቁጥር ሰውን ማዞሩ ይብሳል። ይህን ማዞር ነው እኛ ሞመንት የምንለው፤ ኃይል ሲባዛ በርቀት። የሮቶዋ መሐል ከሶሌታው 4 ሜትር ከፍ ብሎ፣ የክብደቷ 10 በመቶ የሚያህል ኃይል በአግድም ቢገፋት፣ ሶሌታው የሚቀበለው 5 ኪሎ ኒውተን ብቻ አይደለም፤ 20 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንትም አብሮ ይመጣል። ኃይሉን አውርዶ ሞመንቱን አየር ላይ የሚተው ሰው ሒሳቡን በግማሽ ሠርቷል።

ያቺን ነጥብ ከወለሉ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣም ሁለት ዓይነት ነው። ግትሩ የተመረጠውን ወለል በሙሉ አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ማንም ለብቻው መጉበጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሶሌታው ከእውነቱ በላይ ጠንካራ መስሎ ይታያል። ሌላው ጭነቱን ያከፋፍላል እንጂ ወለሉን ከመጉበጥ አይከለክልም። የትኛው ይሻላል ቢባል፣ መልሱ ያለው ከላይ በተቀመጠው ዕቃ ጥንካሬ ላይ ነው።

አቋራጭ የሚወዱ ደግሞ አሉ። 50 ኪሎ ኒውተኑን በ25 ካሬ ሜትር ላይ ይበትኑና «ያው 2 ኪሎ ኒውተን ነው» ብለው ሻይ ይጠጣሉ። ማማው ግን አራት እግር ነው ያለው። እያንዳንዱ እግር ከ12 ኪሎ ኒውተን በላይ ይዞ መዳፍ በምታህል ብረት ሶሌታውን ይወጋል እንጂ እንደ ምንጣፍ አይነጠፍም።

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ የእኒያው ጋሼ ስልክ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ።

«ልጄ፣ እሷ ነገር እንዴት ናት?»

«የቷ ጋሼ?»

«ላስቲኳ!»

«ሞልታለች?»

«ውሃ ይጠፋል ብዬ አፏ ድረስ ሞልቻታለሁ።»

ያን ሌሊት ሮቶዋ ባለችበት ቆመች። እኔም በማግሥቱ ሄጄ ሶሌታውን ከነእግሮቹ እንደገና አሰላሁት፤ ጋሼም ሳያንገራግሩ ከማማው እግሮች ሥር የብረት ምሰሶ አስገቡ። ዋጋው ከሮቶዋ ይበልጣል።

ስለዚህ ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ሮቶም ሆነ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም አንቴና ያሰባችሁ እንደሆነ፣ አርማታው ሳይሞላ ለመሐንዲሳችሁ ተናገሩ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሮቶ መጨመር ዋጋው ጥቂት ደቂቃ ነው።