አለቃ ሲሳሳት አብሮ የመስመጥ ዘዴ

ወቀሳ የማይደርስበት የበታች ሹም መሆን ከፈለጉ ከእንግሊዝ የሜዲትራኒያን ባሕር ኃይል የተሻለ አስተማሪ አያገኙም። ትምህርቱ የተሰጠው ጁን 22 ቀን 1893 እ.ኤ.አ.፣ ከሊባኖሷ ትሪፖሊ ፊት ለፊት፣ ባሕር ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሂሳብ የሚባል ነገር ይርሱ። ዋና አዛዡ ጆርጅ ትራየን በሁለት ረድፍ ይጓዙ የነበሩት የጦር መርከቦች ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ሌላው እየዞረ፣ እንዲመለሱ ፈለገ። በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ አንዷ መርከብ ብቻዋን ለመዞር ወደ 730 ሜትር ትፈልጋለች። የሁለቱን መርከቦች መዞሪያ መደመር ክልክል ነው። ድንገት ከደመሩም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይጠይቁና፣ "ባለበት ይሁን" ሲባሉ እጅ ነስተው ይመለሱ። የትራየን መኮንኖች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።

የሁለተኛው ረድፍ መሪ አድሚራል ማርካም ግን ሊያበላሸው ነበር። ነገሩ እንደማይሆን ስለገባው፣ ትእዛዙን መቀበሉን የሚያሳየውን ባንዲራ እስከ ጫፍ ሳይሰቅል ግማሽ ላይ አቆየው። አደገኛ ሰዓት ነው፤ ሰው ማሰብ የሚጀምረው እንዲህ ሲዘገይ ነውና። ደግነቱ አለቃው "ምን ትጠብቃለህ?" የሚል ምልክት ላከለት። በሰው ፊት ሲገሠጹ ይፍጠኑ! "ጌታዬ እኔ ያልታየኝ ነገር ታይቶት ይሆናል" ብለው ልብዎን ያሳርፉ። ማርካምም ልቡን አሳረፈ፤ መርከቡ ካምፐርዳውን የአለቃውን ቪክቶሪያን ወጋቻት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰጠመች። 358 ሰዎች አለቁ፤ ትራየንም አብሯቸው። ከመስመጡ በፊት "ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው" ሲል ተሰምቷል። ይህችን አይኮርጁ፤ ለሹመት አትበጅም።

የጽሑፍ መመሪያ ካለ ያንብቡት እንጂ አይመኑት። ትእዛዝ ቃል በቃል ሲፈጸም ከወዳጅ መርከብ ጋር የሚያጋጭ ከሆነ ግጭቱን አስወግዱ የሚል መመሪያ ለካፒቴኖቹ የሰጠው ራሱ ትራየን ነበር። ምልክት ሳይጠብቁ በራሳቸው እንዲወስኑም ያለማምዳቸው ነበር። ይሁንና እንዲህ ባለ አለቃ ዘንድ በራስ ማሰብም ትእዛዝ ስለሆነ፣ እስኪታዘዝ መጠበቅ ደንብ ነው።

ክስ ይፈራሉ? ማልታ ላይ የተቀመጠው የጦር ፍርድ ቤት ጥፋቱን ለትራየን ሰጠ። ማርካም ጥርጣሬውን በምልክት ሳይገልጽ መቅረቱ ቢያሳዝነውም፣ የአለቃን ትእዛዝ የፈጸመን ሰው መውቀስ ለባሕር ኃይሉ እጅግ ጎጂ ነው አለ። ትራየን ይግባኝ አልጠየቀም።