ላስቲኩ ያልተነሳ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ስለ ሞተሩ ትንፍሽ ሳይል የሚያስቀድማት ነገር አለች፦ «ጋሼ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም!» የገዢው ፊት ይፈካል። ላስቲኩ መኪናው ገዢ እጅ እስኪገባ ድረስ ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ተብሎ የለበሰ ጊዜያዊ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ጡረታ አይወጣም። ባለመኪናው በፀሐይ ጀርባው እየተጣበቀበት፣ ሲወርድ ሸሚዙን ከወንበሩ እየላጠ፣ ልጆቹን «እንዳትቀዱት!» እያለ ዓመታትን ይገፋል። ላቡና እርጥበቱ ደግሞ መውጫ አጥቶ ከሥር ይታመቃል። ሽታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ይህን ደላላው አይናገርም፤ ሥራውም አይደለም።

ከውጭ ሲታይማ ከተማው ንጹሕ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ላቫጆ ቤት ተሰልፎ አረፋ የማይለብስ መኪና የለም። ቸርኬው ይፈተጋል፣ ጎማው እስኪያብለጨልጭ ይቀባል። ውስጡስ? «እሱን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው።» ውጩን ጎረቤት ያየዋል፤ ውስጡን የሚያየው ቤተሰብ ነው፣ ቤተሰብ ደግሞ ይችላል።

አንድ ባለቪትዝ የሂሳብ ሠራተኛም እንዲሁ ሲችል ኖረ፤ የባለቤቱ አክስት ከጎጃም ቅቤ እስከላኩለት ቀን ድረስ። ቅቤው በጀሪካን መጣ፣ ጀሪካኑ ከኋላ ወንበር ሥር ተሸጎጠ፣ ክዳኑ ላላ፣ ፀሐይ ወጣ። በማግስቱ ሰውዬው በሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሰፈሩ ሰው የታመመ መሰለው፤ እንዲያ ቢያስብም አይፈረድበትም። ቅቤ ሲበላሽ የሚለቀው ቡቲሪክ አሲድ በትውከት ውስጥም ያለ ነው። አፍንጫ ደግሞ ይህን አሲድ እጅግ ጥቂት ሆኖ እንኳ ይለየዋል፤ ዘመድ የላከው ነው ብሎ አይታገስም።

መጀመሪያ ሁሉም የሚያደርገውን አደረገ፤ ከመስታወቱ ላይ ያቺን ሽቶ የተነከረች የወረቀት ጥድ ሰቀለ። ጥዷን በ1952 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ዋተርታውን በምትባል ከተማ የፈለሰፋት ጁሊየስ ሳማን የተባለ ኬሚስት ነው። ሐሳቡን የቀሰቀሰው፣ እንደሚባለው ከሆነ፣ የተደፋ ወተት ሽታ ያማረረው የወተት መኪና ሹፌር ነበር። በወተት ምክንያት የተወለደች ጥድ የጎጃምን ቅቤ ግን አልቻለችም። ባለቤቱ ዕጣን ጨመረችበት። ሁለት ቀን ያህል ቪትዟ ቅቤ የሚነጠርበት ማኅሌት ሆነች።

ቀጥሎ ላቫጆ። «የውስጥ እጥበት» ሲል ልጆቹ ቱቧቸውን ይዘው ገቡና ወለሉን እስኪንሳፈፍ አጠቡለት። የከተማችን ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ከምንጣፉ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አለ። ላዩ በፀሐይ ይደርቃል፤ ስፖንጁ ግን የጠጣውን ውሃ ለቀናት ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ ሻጋታ ያበቅላል። በወንበሮቹ ሥር የሚያልፉት የኤሌክትሪክ መገናኛዎችም ውሃ አይወዱም። ሰውዬው የገባው በቅቤ ሽታ ነበር፤ የወጣው በቅቤና በሻጋታ ሽታ ሆነ። ሂሳቡንም ከፈለ፣ ጉርሻም ጨመረ።

ጎሚስታውም መፍትሔ ነበረው። በኮምፕረሰር ነፋለት። አቧራው ተነሥቶ ጣሪያውን ነካ፣ ጥቂት ተንሳፈፈ፣ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ዐረፈ። እንዲህ ያለ ነገር በለንደንም ታይቷል። አቧራን በአየር እየነፋ የሚያስነሣ ማሽን እዚያ ሲያሳዩ የተመለከተ ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል መሐንዲስ፣ «ለምን አይስበውም?» ብሎ አሰበ። ከዚያም ምግብ ቤት ገብቶ አፉን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ደቅኖ በትንፋሹ ሳበ። አቧራው ሊያንቀው ደረሰ፤ ሐሳቡ ግን ትክክል መሆኑን አወቀ፣ በ1901 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የመጀመሪያው ማሽኑ በፈረስ የሚጎተት ነበር፤ ከመንገድ ቆሞ ረጅም ቱቦውን በመስኮት ያስገባል። ጎሚስታው ይህን ባይሰማም ከእኛ ማንም አይወቅሰው፤ የሚስብ ማሽን ስለሌለው የነፋው ባለው ነው።

በመጨረሻ ሥራውን የያዘው አንድ የሰፈር መካኒክ ነው፤ ውሃ ሳያስጠጋ ጀመረ። ባትሪውን ፈታና ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጣ። ስንፍና አይደለም። ከወንበሩ ሥር ቢጫ መገናኛ ከታየ የኤርባግ ወይም ከእሱ ጋር የተያያዘ መስመር ነው፤ የቶዮታ የጥገና መመሪያም ባትሪው ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዛል። ሻዩ ሲያልቅ ወንበሮቹን ፈቶ አወጣ።

ወለሉ ላይ የተገኘው የቤተሰቡ ታሪክ ነበር። ቆሎ፣ ሳንቲም፣ ግማሽ ጧፍ፣ ጠበል የያዘ ሃይላንድ፣ ትልቁ ልጅ «ጠፋብኝ» ብሎ የተገረፈበት የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ የእድር ደረሰኝ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን እድሩ «አልከፈላችሁም» ብሎ የቀጣበት ወር ነው። ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ ጽዳቱን ረስቶ ስለ ቅጣቱ አሰበ።

ከዚያ ብሩሽና መሳቢያ ማሽን። ቅባቱ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ተፈተገ፤ ጨርቁ የሚነከረው ለብ ባለ ውሃ ሆኖ በደንብ ተጨምቆ ነው። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ተነሰነሰበትና አደረ፤ ሶዳ አሲዱን ሽታው ወደሚቀንስ ጨው ስለሚለውጠው ነው፣ ጠዋት በማሽኑ ይሳባል። የደኅንነት ቀበቶው እስከ ጫፉ ተስቦ በለስላሳ ሳሙና ታጠበ፤ በረኪና ግን ክሩን ያደክማልና አይነካውም። ከጓንት መሳቢያው ጀርባ ያለው የአየር ማጣሪያም ተነሣ፤ የአዲስ አበባን አቧራ ተሸክሞ ወንፊትነቱን ከረሳ ቆይቷል። ዳሽቦርዱን የሚያብለጨልጨውን ቅባት መካኒኩ እምቢ አለ። ትክክል ነው፤ ነጸብራቁ ከፊት መስታወት ላይ እየወደቀ የሹፌሩን ዓይን ይጋርዳል።

የወንበሩ ላስቲክም ያን ቀን ተነሣ። ሰውዬው ጥቂት ተከራከረ። «ስሸጠውስ?» አለ። መካኒኩ አልመለሰለትም፤ ከላስቲኩ ሥር ያለውን ጥቁር ሻጋታ በጣቱ አሳየው።

ለበዓል በግ ጭኖ ለሚገባ አንባቢ አንድ ልመና አለ፦ ከኋላ ወፍራም ሸራ ያንጥፉ፣ ጠርዞቹንም ወደ ላይ ይጠፍሩ። የበግ ሽንት ከምንጣፉ ሥር ከገባ መካኒኩም ሻይ ጠጥቶ የሚጨርሰው ሥራ አይሆንም። የአክስት ቅቤ ካለ ደግሞ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ፣ ዕቃውም በባልዲ ውስጥ።