እጁ ወርቅ ነው

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ ወደ አንድ ፎቅ ለመግባት መጀመሪያ ዘበኛውን ማለፍ ያስፈልጋል። መታወቂያ ይጠይቃል። በሲባጎ የታሰረች እስክሪብቶ ያቀብልዎትና በትልቁ መዝገብ ላይ ስምዎን፣ የስልክ ቁጥርዎን፣ የሚሄዱበትን ክፍልና የገቡበትን ሰዓት ያስጽፍዎታል። ፈርሙ ይላል፤ ይፈርማሉ። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ከየት እንደመጣ ለማያውቁት አሺ አንገትዎን ያስረክባሉ። እሱን የሚጠይቀው የለም። በዚያ ሕንፃ ማንነቱ ተጣርቶ የገባው በሽተኛው ብቻ ነው።

እኔ በዚህ አሠራር ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም መንግሥት ሥራ ፈትቶ ነው እንጂ እጅን በፈቃድ ማስተዳደር ምን ይሉታል? እጅ የእግዜር ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ በየዓመቱ አይታደስም።

ነገሩ የገባኝ የሰፈራችን ውሃ የጠፋ ሰሞን ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን አንጠልጥዬ ደረጃ ስወጣ ወገቤ ቀጭ አለ። ወዳጆቼ በአንድ ድምፅ «እጁ ወርቅ የሆነ ሰው አለ» አሉኝ። እጁ ወርቅ ነው የተባለን ሰው የት ተማርክ ብሎ መጠየቅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሄድኩ። ክፍሉ በቅባት ሽታ ታፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ የጀርባ አጥንት ቆሟል፤ ሁለት አንጓው ተሰብሮ በማጣበቂያ ተያይዟል። ግድግዳው ላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ የምስክር ወረቀት አለ። ቀረብ ብዬ ሳነበው የሁለት ቀን ስብሰባ ላይ መገኘቱን ይመሰክራል። መገኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንቱ ይቀራል።

ሰውየው ምንም አልጠየቀኝም። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ዲስክህ ወጥቷል፣ እመልሰዋለሁ» አለኝ፤ የወጣ ዶሮ ወደ ቆጡ የሚመልስ ይመስል። ጉልበቱን ወገቤ ላይ አሳርፎ ሲጫነኝ ወለሉ ላይ ከሌሊቱ ሰማይ የበለጠ ኮከብ አየሁ።

በሳምንቱ፣ ቀና ማለት ሲያቅተኝ፣ ፈቃድ ያላት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። እንዴት ያለች ጊዜ አባካኝ መሰለቻችሁ! እግርህን ይደነዝዝሃል? ሽንትህን ትቆጣጠራለህ? ሌሊት ሕመሙ ይቀሰቅስሃል? ያለ ምክንያት ከስተሃል? ካንሰር ታመህ ታውቃለህ? ለካስ ወገብ ሲታመም አንዳንዴ ነገሩ ነርቭ መታፈን ወይም ዕጢ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማሸት ሳይሆን በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው የሚያስፈልገው። ይህን ለይቶ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ዓመታት መቀመጥ አለባት። የኔው ወርቅ እጅ ግን በሁለት ቀን ጨርሶታል።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚዮቴራፒስቶችን አዋጅ አወጣች፤ የሙያውን ምክር ቤትም አቋቋመች። ባለሙያው መመዝገብ፣ በየዓመቱም ፈቃዱን ማሳደስ አለበት። ያልተመዘገበ ሰው በሙያው እንዳይሠራ፣ በስሙም እንዳይጠራ ተከልክሏል። ሕግ አክባሪው የኔ ሰው ታዲያ አልዘገየም። ከበሩ ሰሌዳ ላይ «ፊዚዮ» የሚለውን በነጭ ቀለም አጠፋና «ቴራፒ» የሚለውን ተወው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የተቀባው ቃል ከሥር ብቅ ይላል።

ለነገሩ ይህ ጭቅጭቅ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894 ለንደን ውስጥ «ማሳጅ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ቤቶች ከመታሸት ሌላ ንግድም ያጧጡፉ ስለነበር የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። አራት ሴቶች ስማችን ጠፋ ብለው የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር መሠረቱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ላያሹ፣ በተራ ጋዜጣም ራሳቸውን ላያስተዋውቁ ደንብ አወጡ። የዛሬው የእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር የተወለደው ከዚያ ነው። ምስኪኖች! ሰሌዳውን ቀለም ቀብተው ቢገላገሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

እኛ አበሾች ከዚህ ሁሉ ድካም የተረፍነው ወጌሻ ስላለን ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው፣ ዲግሪ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ጋዜጠኛው «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገባ» ይላል፤ በአንድ ቃል ሁሉንም ፈቃድ ሰጠው ማለት ነው። ብልህ ወጌሻ የለም አልልም፤ የወለቀ ትከሻ ዓይኔ እያየ የመለሰ ሽማግሌ አውቃለሁ። በልጅ ስብራት ላይ የታሰረው ቀርከሃ አለልክ ጠብቆ ደም ሲያግድ፣ የልጁ ጣት ሲያብጥ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲጠቁር ግን ወጌሻው «ቻል አድርገው» ይላል። መጨረሻው ሆስፒታል ነው፤ እጁን ለመቁረጥ። ለዚያ ለሚቆርጠው ሐኪም ደግሞ ፈቃድ እንጠይቃለን። ጭካኔ ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ተምራ የመጣች አንዲት ልጅ እዚህ ናይሮቢ አውቃለሁ። ሕጉን አክብራ ትምህርቷን ለማስመዘን ወረቀቷን ይዛ ትመላለሳለች። ማስረጃው ከአገር ቤት ይላክ ይሏታል፣ ይህ ይተርጎም ይሏታል፣ ያኛው ክፍያ ቀርቷል ይሏታል። እስከዚያው ካፌ ውስጥ ሒሳብ ትቀበላለች። ስድስት ሰዓት ቆማ ስትውል የገዛ ወገቧን እንዴት እንደምታሳርፍ ግን አሳምራ ታውቃለች። ሞኟ እሷ ናት። ምክር ቤቱን የሚፈራው ምክር ቤቱ ደጃፍ የደረሰ ሰው ብቻ ነው። ያልደረሰውን ማን ያውቀዋል? ፋይል የለው፣ የጎደለ ማስረጃ የለው፣ ያለፈበት ቀነ ገደብ የለው። ንጹሕ ሰው ነው።

አገር ቤት ያላችሁም አትቅኑ። የሙያ ፈቃድ እዚያም አለ፤ ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚታሽ ወገብም እዚያም አለ።

የሁለት ቀኑን ምሁር ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ዕለት ግድግዳ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ዘበኛው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ። መዝገቡን ግን አልረሳውም፤ የመውጫ ሰዓት አስጻፈኝ። ስሜና ስልኬ እስከ ዛሬ እዚያ አሉ። የሰውየውን የአባት ስም እንኳ አላውቅም።