የሚያቃስት መሪ እና የኒውላንድ ሐኪሞች

በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ መኪና የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ነው። የጋምቤላ ሙቀት መስኮት አያስዘጋም፤ የእኔ አሮጌ ሃይሉክስ ደግሞ ማቀዝቀዣው መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ መኪናው የሚናገረውን ሁሉ እኔም እሰማለሁ፣ ማንጎ ጥላ ሥር የተቀመጠውም ይሰማል። የሰማ ደግሞ ዝም አይልም።

ሕመሙ እንዲህ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ ከኮፈኑ ሥር ረዥም ማቃሰት ይነሳል። ጎማው ቀጥ ሲል ዝም ይላል። መታጠፊያ ሲመጣ እንደገና ይጀምረዋል።

ጥላው ሥር አቁሜ በኑዌርኛ ሰላምታ «ማሌ» ስል፣ «ማሌ» ብለው ሳይጨርሱ ምርመራው ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐኪም ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሾፌር ናቸው። ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ዓይናቸውን እንኳ ከቡናቸው ሳያነሱ «ቴስቲኒ ነው፤ ሁለቱንም ቀይር» አሉ። ቀጥሎ የባጃጅ ሾፌሩ «ኩሽኔት ነው» አለ። ባጃጅ እጀታ እንጂ ክብ መሪ እንደሌለው ማንም አላነሳበትም፤ እዚህ ሰፈር አስተያየት ለመስጠት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ከሁሉም ርካሹን መድኃኒት አዘዘልኝ፦ «ጋሼ፣ ቴፑን ከፍ ያድርጉት»። ይህ ጥገና በመላው አገሪቱ ተሞክሮ ውጤት ያሳየ ነው፤ ድምፁ ወዲያው ይጠፋል፣ መኪናው ግን ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው።

ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር ያሳለፉ አንድ ሽማግሌም ነበሩ። ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ ጣል አድርገው ካዳመጡ በኋላ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ የልጅ ልጃቸው ተረጎመልኝ፦ «ውሃ የጠማት ላም እንዲህ ነው የምታቃስተው፤ አጠጣት ይላሉ»። ጥላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ።

ያስጠራሁት መካኒክ ሲመጣ እንደተለመደው ፒንሳና ቁልፍ ይዞ ወደ መኪናው ሥር የሚገባ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቆሞ ይጠይቀኝ ጀመር። «ቆሞም ይጮኻል ወይስ ሲሄድ ብቻ? ሞተሩን አጥፍተው መሪውን ሲያወዛውዙትስ?» ሞተሩ ጠፍቶ ሞከርነው፤ መሪው ከበደ፣ ድምፅ ግን የለም። «እንግዲያው ግማሹን ተጠርጣሪ ፈታነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም መሪው ሲዞር ጓ ጓ የሚል ከሆነ ተጠርጣሪው የላላ ብረት ወይም የደረቀ ጎማ ነው፦ ቴስቲኒ፣ የጎማው ማጠፊያ መገጣጠሚያ፣ ጎሚኒ። መኪናው እየሄደ ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ጆይንት ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው ወጥቶ አቧራው ገብቷል ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ሲጥጥ የሚል ቀጭን ጩኸት ከሆነ ቺንጋው ላልቷል። ሞተሩ ተነስቶ ብቻ የሚያቃስት ግን የፖምፓና የዘይት ጉዳይ ነው።

ለጥንቃቄ ቴስቲኒውም ተፈተሸ። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ መሪውን ትንሽ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፣ ሌላው ከሥር መገጣጠሚያውን በእጁ ይዞ ልል መሆን አለመሆኑን ይለካል። መካኒኩ መሪው ላይ ማንን ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው? ጡረተኛውን! እሳቸው በገዛ እጃቸው እያወዛወዙ ሳሉ «ንቅንቅ አይልም» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። ጡረተኛው ከመኪናው ወርደው፣ «ለዛሬ ነው» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ከዚያ የመሪ ዘይቱ ዕቃ ተከፈተ። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ወርዷል፣ ያለውም አረፋ ሆኗል። መመለሻ ቱቦው ፋሸታው አጠገብ ተሰንጥቆ ረጥቧል። ፖምፓው ዘይት መግፋት ሲገባው አየር እየማገ ነው፤ ማቃሰቱ እሱ ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ግፊቱ ከሁሉ በላይ ስለሚሆን ደግሞ ያኔ ይብስበታል። ለዚህ ነው እስከ ጥግ ጠምዝዞ ከጥቂት ሰከንድ በላይ መያዝ የማይመከረው። የሰፈሩ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ የቱቦ ጎማ አይራራለትም። ከጎሬ ደጋ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድም ፖምፓውን ዕረፍት አይሰጠውም።

በነገራችን ላይ በዘይት ጉልበት የሚታገዝ መሪ በሽያጭ መኪና ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ያኔ የጋምቤላ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1902ቱ የምኒልክና የእንግሊዝ ውል መሠረት ገና በሱዳን አስተዳደር ሥር ነበር፤ የተመለሰልን እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ባሮ ሲሞላ ብቻ ይደርሱ ነበር። እነሱም ፈሳሽ ሲያንስ አይንቀሳቀሱም ነበር ማለት ነው።

ቱቦው ተቀየረ፣ ፋሸታው ጠበቀ። ዘይት ሲባል የባጃጅ ሾፌሩ ሮጦ አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ የፍሬን ዘይት! መካኒኩ ጠርሙሱን ከእጁ የቀማበት ፍጥነት ይታየኛል። የፍሬን ዘይት የፖምፓውን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻል፤ የእኔ ዓይነት አሮጌ ቶዮታ የሚፈልገው ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነሱ። ሞተሩ እንደጠፋ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያለ ዞረ፣ ዘይቱ ሲወርድ ተጨመረ፣ አረፋው እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ጸጥታ።

ሽማግሌው በልጅ ልጃቸው በኩል «ጠጣች?» ብለው አስጠየቁኝ። መካኒኩ ቀድሞኝ «ጠጣች፣ አባባ» አላቸው። የሳቁት ሁሉ ወሬ ቀየሩ።

እንግዲህ መኪናችሁ ሲታጠፍ ካቃሰተ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ መሪውን ሞክሩት፤ ከዚያ የዘይቱን ዕቃ ክዳን ክፈቱ። ቴስቲኒ ግዛ የሚላችሁን ሰው ከዚያ በኋላ ስሙት። ኒውላንድ ከሆናችሁ ግን ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ፤ የፍሬን ዘይት የያዘ በጎ ፈቃደኛ አይጠፋም።