አይሳብም

የእህቴ ልጅ በስልኳ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቦምቦሊኖ ካየች ወዲህ ቤታችን ቁርስ በሰላም አይበላም። ስልኩ ላይ ሁለት እጆች ግራና ቀኝ ሲጎትቱት እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። እኔ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት የማመጣውን እሷም ትጎትትና፣ ሲበጠስባት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይሳብም» ትለኛለች። ይበጠሳላ! ከመቼ ወዲህ ነው ምግብ የሚጎተተው?

ነጌሌ ቦረና ላይ የተጠበሰ ሊጥ ብርቅ አይደለም። ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳው አለ፤ ወደ ሞያሌ ከወረዱ ማንዳዚ አለ። ቦምቦሊኖው ግን ጠዋት ለስልሶ የቆላው ነፋስ ካገኘው እኩለ ቀን ላይ ጥርስ ይፈትናል።

«ስለ ምግብ ይህን ያህል ማማረር ምንድን ነው?» የሚለኝ ካለ ነጌሌን አያውቃትም። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚሁ የሰፈረው ጦር ያመፀው በምግቡ መጥፎነትና በውሃ ነው። የወታደሩ ፓምፕ ተበላሽቶ የመኮንኖቹን ጉድጓድ ቢጠይቅ ተከለከለ። ነገሩን ሊያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ፣ ሌተና ጀነራል ደረሰ ዱባለን አግቶ ያንኑ ምግብ አበላቸው፣ ያንኑ ውሃ አጠጣቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የነዳጁ ዋጋ፣ የመምህራኑ አድማ፣ የወሎ ረሃብ ሁሉ ነበረበት፤ ቀድሞ የጮኸው ግን የነጌሌ ሆድ ነው። አንዳንዴ ሳስበው፣ ጀነራሉ ያን ቀን ምን ቀርቦላቸው ይሆን? ወጡ ቀጥኖ ነው ወይስ እንጀራው ሻግቶ? «ይጣፍጣል» ቢሉ ይለቋቸው ነበር? የእህቴ ልጅ ሰሃን ይዛ ፊቴ ስትቆም የሳቸው ጭንቀት ይገባኛል።

ወደ ሊጡ ልመለስ። ፊሊፒኖች ኡቤ የሚሉት ሥር የእኛው የቦዬ ዘመድ ነው። የስልኩ ቦምቦሊኖ ቀለሙ ከሱ ይምጣ እንጂ መለጠጡ የሚያጣብቅ ሩዝ ዱቄት ወይም የካሳቫ ስታርች ሥራ ነው። እኛ ደግሞ ቡላ አለን! የቡላ ገንፎ ያማሰለ ሰው የምለውን ያውቃል። ቦዬ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። አንዱ ነጋዴ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ቦዬ? እሱ እኮ የችግር ጊዜ ምግብ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ወላይታና ጋሞ ላይ ስንት ትውልድ ያኖረ ሥር እኛ ዘንድ ሲሆን የድህነት ምልክት፣ ባሕር ማዶ ቀለም ተቀብቶ በስልክ ሲመጣ ፋሽን! ቆጮውን፣ ጎደሬውን፣ ቦዬውን «የቸገረው ይብላው» እያልን አጣጣልን፤ ነገ በፕላስቲክ ታሽጎ ከውጭ ሲገባ በዶላር እንገዛዋለን፤ ያኔም ተሰልፈን።

ብቻ ይሁን። ቦዬው ስላልተገኘ ስኳር ድንች ቀቅለን፣ አድቅቀን፣ ከቡላና ከፉርኖ ዱቄት ጋር አሸነው። ለቀለም የቀይ ሥር ጭማቂ ገባበት። ሊጡ ሲታይ ያምራል፤ ዘይት ሲነካው ግን ቡናማ ሆነ፤ ቀይ ሥር ሙቀት አይችልም። እሳቱን መጥኖ መያዝ ነው፤ ከበረታ ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። የእህቴ ልጅ ጎተተችው። የአንድ ጣት ያህል ተሳበና ተበጠሰ። «ትንሽ ተሳበ» አለች፤ ከሷ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ጎረቤታችን አኮ አንዱን ወስደው ብዙ አኘኩ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄደው ቡና ቀላ ይዘው መጡ፤ ጫፉ በጥርስ የተነከሰ ደረቅ ቡና ከነገለባው፣ በቅቤ የተጠበሰ፣ ከወተት ጋር። የሚታኘክ ጥብስ ማለት ይሄ ነው ባይ ናቸው። ልጅቷ ቀመሰችና ስልኳን አነሳች፤ ልትቀርጸው። ቅቤው ከየት እንደመጣ ብጠይቅ ከያቤሎ ነው አሉኝ፤ የያቤሎና የነጌሌ ቅቤ የቱ እንደሚበልጥ ደግሞ እስከ ማታ ተከራከርን።

ከሶዶ ወደዚህ የምትመጡ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ሁለት ኪሎ ቦዬ ያዙልኝ። ዘይቱ በኔ ነው።