ስለ ውሻና ስለ ዶሮ ወጥ

ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሞ የፋሲካ ዕለት ከጠገበ ሕዝበ ክርስቲያን ላይ በድንገት የሚያድርበት ርኅራኄ አስቀድሞ በግቢው ውሻ ላይ እንደሚወርድ፣ ውሻ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። የኔን ውሻ መቻልን የሚጎበኙት አንዲት የተከበሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዶሮ ወጥ የራሰ ፍትፍት በሳህን ይዘው፣ «ይብላ እንጂ ልጄ፣ እሱም የእግዚአብሔር ፍጡር ነው» እያሉ ይመጣሉ። «እትዬ፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው» ብላቸው፣ «ከአባት ከአያት ጀምሮ ሲበላው ኖሮ ዛሬ ገና መርዝ ሆነ?» ብለው ይስቁብኛል።

ለአንዲት ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት በሚቁላላበት አገር፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ግራም ያህሉ ቀይ ደሙን ለማበላሸት እንደሚበቃ፣ መቁላላቱም መርዙን እንደማያበርደው፣ ነጭ ሽንኩርትማ እንደሚብስ ማን ይስማኝ? ሕመሙ የሚገለጠው ከቀናት በኋላ፣ ድዱ ነጥቶ ሽንቱ ሲጠቁር ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የሚከሰሰው ቡዳ እንጂ ወጥ አይደለም።

ምናልባት መጻሕፍት ያስረዱልኝ እንደሆነ ብዬ መረመርሁ። ኦሪት ዘጸአት አውሬ የሰበረውን ሥጋ ለውሻ ይሰጣል፤ ቁሌት ግን የለበትም። ከነናዊቱ ሴት በትሕትና ያነሣችው የማዕድ ፍርፋሪም ስለ ወጥ አንዳች አይናገርም። ጦብያን ተከትሎ የሄደው ውሻ፣ በጤግሮስ ከተያዘው ዓሣ ሳይደርሰው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ሽንኩርት ናፍቀው በምድረ በዳ ያጉረመረሙት እስራኤል ናቸው፤ ውሻ ቢከተላቸው ኖሮ፣ በመናው ሳያመሰግን አይቀርም ነበር።

የሚያበግነኝ ግን ሽንኩርቱ ብቻ መስሎዎት እንዳይሆን። ዓመቱን ሙሉ ውሻ ባዩ ቁጥር ድንጋይ የሚያነሡ፣ በበጋ ሐሩር አንዲት ጣሳ ውሃ የማያቀርቡ ሰዎች፣ ነገ የሚሻግተውን ትራፊ በሆዱ ካራገፉ በኋላ ጽድቅ ሠራን ይላሉ! ይህ ምጽዋት ከሆነ፣ ሳህን ማጠብም ምጽዋት ነው።

እትዬ ግን ከእነዚያ ወገን አይደሉም፤ ውሃም ያጠጡታል፣ ስሙንም ያቆላምጣሉ። ባለፈው በዓል ሽንኩርቱን ትተውልኝ አንድ እፍኝ ዘቢብ ይዘው መጡ። ዘቢብ የውሻን ኩላሊት እንደሚያጠፋ ስነግራቸው፣ «ለቅዱስ ቁርባን የሚጨመቀው ዘቢብ?» ብለው አፈጠጡብኝ፤ ለዚህ የሚሆን መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። ቡና ቀርቦ በረካ እስኪደርስም ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ስለዞረ፣ ተቀቅሎ እንደ መርፌ ስለሚሰነጠቀው የዶሮ አጥንት ሳንነጋገር ቀረን፤ በርበሬውማ ዘንድሮ የሚቀመስ አይደለም።